ከኮከቡ መሃል የሚታየው ጥቁር ነጥብ ፕላኔት አይደለም

ጥያቄው ከቢቸና አካባቢ የተላከ የአንድ ፊዚክስ መምህር ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለትምህርት ቤታችን የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ተበርክቶልናል። ባለ 20 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ፣ አንድ ባለ 3 እጥፍ ባርሎም (ማጉላቱን የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ) አለው፤ ሳጥኑ ላይ 675 ጊዜ ያጎላል ተብሎ ተጽፏል። ኮከብ ላይ ስናነጣጥር ትልቅ ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ተማሪዎቹ ፕላኔት ሲያልፍበት ነው አሉ። የሸርጣን ኔቡላን (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት የሆነውን ጉም) ግን በሙሉ ማጉያው ሁለት ሌሊት ፈልገን አጣነው። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እንደሚያነሳው ቀለሙን ለማየት ምን ዓይነት ሌንስ እንግዛ? ወይስ መስታወቱ ተበላሽቷል?»

መስታወቱ አልተበላሸም፤ ሌንስም አሁን አይግዙ። ያያችሁት ክብ ኮከቡ አይደለም፤ ፎከሱ የተዛባ ብርሃን ነው። በዚህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ከቱቦው አፍ አጠገብ በቀጫጭን ብረቶች የተያዘች ትንሽ መስታወት አለች፤ ከታች ያለው ትልቁ መስታወት የሰበሰበውን ብርሃን ወደ ጎን አጥፋ ወደ ዓይን ሌንሱ የምትልከው እሷ ናት። ፎከሱ ሲዛባ የኮከቡ ብርሃን በትልቁ መስታወት ቅርጽ ክብ ሆኖ ይዘረጋል፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር ደግሞ የትንሿ መስታወት ጥላ ነው። ለተማሪዎቹ ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ አንዱ እያየ ሌላው ከቱቦው አፍ ፊት እጁን ቀስ አድርጎ ያሳልፍ። የጣቶቹ ጥላ ክቡ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ቀጥሎ ወደ ሌላ ኮከብ ያዙሩት፤ ያው ክብ ከነጥቁር ነጥቡ እዚያም ይጠብቃችኋል።

ትክክለኛው ፎከስ ኮከቡ ከሁሉ ያነሰበት ቦታ ነው። «ሲያድግ ተሻለ» የሚለው ስሜት ጨረቃን አይቶ ወደ ኮከብ የሚዞረውን ሁሉ ያሳስተዋል። ከምድር ሲታይ ሰፊ ከሚባሉት ከዋክብት አንዱ የሆነው የኦሪዮኑ ቤተልጌውዝ እንኳ ስፋቱ 0.05 የቅስት ሰከንድ ገደማ ነው (አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ አለው)፤ የእናንተ መስታወት ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገር ደግሞ 0.9 የቅስት ሰከንድ ነው። ስለዚህ በዚህ ቴሌስኮፕ የትኛውም ኮከብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ክብ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የፎከሱ ነው።

ያ ጥቁር ነጥብ ግን ለአንድ ነገር ይጠቅማል። ፎከሱን በትንሹ ብቻ አዛብተው ኮከቡን የእይታው መሃል ላይ ሲያደርጉት ጥላው የክቡ መሃል ላይ ከተቀመጠ መስታወቶቹ ተስተካክለዋል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ በመኪና ጉዞ ተነቃንቀዋል ማለት ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። ከቱቦው በስተኋላ ካሉት ሦስት ዋና ብሎኖች አንዱን ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ፣ ኮከቡን ወደ መሃል ይመልሱ፣ እንደገና ይዩ። ጥላው ከባሰበት ያንኑ ብሎን ወደ ኋላ ይመልሱትና ሌላውን ይሞክሩ። ሦስቱንም ባንዴ የሚያላላ ሰው ማምሻውን ኮከብ ሳያይ ይገባል።

ወደ 675 እንምጣ። ቁጥሩ የመጣው 900ን ለ4 አካፍሎ በባርሎው 3 በማባዛት ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። አንድ ቴሌስኮፕ በወጉ የሚያጎላው ከመስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ለእናንተ 260። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ብዥታና ጨለማ ነው። ኔቡላው የጠፋባችሁም በዚህ ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ 45 ጊዜ ያጎላል፤ 675 ሲሆን ያው ብርሃን 225 እጥፍ ስፋት ላይ ይበተናል። በመጀመሪያውም ከሰማዩ ጥቁረት ብዙ የማይለይ ነገር በዚያ ላይ ቢበተን ምን ይተርፋል? ባርሎውን ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። ባለ 4ቱን ሌንስ ለጨረቃና ለሳተርን ብቻ፣ ያውም አየሩ በረጋ ሌሊት ይጠቀሙበት።

የቀለሙ ጥያቄ ከማጉላት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም አይለይም፤ ማታ የሚያየው የዓይን ክፍል ጥቁርና ግራጫ ብቻ ነው የሚያውቀው። ካሜራ ብርሃኑን ለብዙ ደቂቃና ሰዓት ያጠራቅማል፤ ዓይን አያጠራቅምም። ዌብ ደግሞ 6.5 ሜትር ስፋት ባለው፣ ከ18 ክፍሎች በተገጣጠመ መስታወት ነው የሚያየው፤ ብርሃን የሚሰበስብበት ስፋት ከእናንተው 1,900 እጥፍ ያህል ነው። በዋናነት የሚያየውም ዓይናችን ጨርሶ የማያየውን ታህተ ቀይ ጨረር ነው። ባለሙያዎቹ ረጅሙን ሞገድ ቀይ፣ አጭሩን ሰማያዊ አድርገው ይተረጉሙታል። ስለዚህ ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከኔቡላው አጠገብ ብትቆሙም በዚያ ቀለም አታዩትም።

ሌሎች ከዋክብትን ስለሚዞሩ ፕላኔቶች ሥዕሎች ግን ጠንከር ብሎ መናገር ይገባል። ደመናና ውቅያኖስ ለብሰው በየስልኩ የሚዞሩት ሩቅ ፕላኔቶች በሙሉ ሠዓሊ የሠራቸው ናቸው። ዌብ ባብዛኛው የሚያገኘው ሥዕል ሳይሆን የብርሃን መስመር ነው፤ ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ከባቢ አየሩ የትኛውን ሞገድ እንደዋጠ ይለካል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዋስፕ-39ቢ በተባለው ፕላኔት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተገኘው እንዲህ ነው። ዌብ በቀጥታ ፎቶ ያነሳቸውም አሉ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቲደብልዩኤ 7ቢ ክብደቱ ከሳተርን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን የኮከቡ ብርሃን ተጋርዶ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ኬ2-18ቢ ላይ ሕይወት ተገኘ ተብሎ በዚያው ዓመት የተወራውንም ለተማሪዎቹ እንዳለ አይንገሩ። የተባለው፣ ምድር ላይ ሕያዋን የሚያመነጩት አንድ ጋዝ ምልክቱ ሳይኖር አይቀርም ነው፤ ያንኑ መረጃ እንደገና የመረመሩ ሌሎች ቡድኖች ምልክቱን አልተቀበሉትም።

በእናንተ ቴሌስኮፕ ፕላኔቱ አይታይም፤ ኮከቡ ግን ይታያል፤ ለዚህም ከ«ቡና» የተሻለ የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ እንዲሰይሙ ባደረገ ጊዜ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 ነበር፤ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባለ። (ቶናና በረካ ስለመኖራቸው እስካሁን የተሰማ የለም።) አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ሲሆን ኮከቡን ለመዞር ወደ 2.7 ዓመት ይፈጅበታል። የተገኘው በመታየት ሳይሆን ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዘው ብርሃኑ ላይ በተለካ ለውጥ ነው። ኮከቡ ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ፕላኔቱ ከኮከቡ ተለይቶ የሚታይበት ርቀት ከ0.1 የቅስት ሰከንድ በታች ነው። 0.9 ብቻ ለሚለይ መስታወት ይህ የሚሞከር አይደለም።

ቡና በዓይን አይታይም፤ ድምቀቱ 7.3 ነው (ቁጥሩ ሲያድግ ኮከቡ ይደበዝዛል፤ የዓይን ወሰን 6 ገደማ ነው)። በ45 ማጉያ ግን ያለችግር ይታያል። በታህሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞረው ቀና ይበሉ፤ ከአድማስ ወደ 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ጫፍ ያለውን አልማክን እና ፐርሲየስ በተባለው ስብስብ ያለውን አልጎልን ይለዩ፤ በሁለቱ መካከል እኩሌታው ላይ ኤም 34 የተባለው የከዋክብት ክምችት አለ፤ በመፈለጊያው ቱቦ የደበዘዘ ጉም ይመስላል። ቡና ከክምችቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ1 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ክምችቱን በእይታው ሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ ሲያስወጡት ቡና ከተቃራኒው ይገባል። የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ሥዕሉን ገልብጦ እንደሚያሳይ ግን አይርሱ፤ የትኛው ነጥብ እሱ እንደሆነ በስቴላሪየም መተግበሪያ ላይ ቁጥሩን ፈልገው አጠገቡ ካሉት ከዋክብት ቅርጽ ጋር ያመሳክሩ።

የሸርጣን ኔቡላ በ1054 እ.ኤ.አ. ቻይናውያን የመዘገቡት ፍንዳታ ቅሪት ነው። 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ በሰከንድ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሰፋ ነው፤ መሃሉ ላይ በሰከንድ 30 ጊዜ የሚሽከረከር ፑልሳር (ከፍንዳታው የተረፈ እጅግ የታመቀ የኒውትሮን ኮከብ) አለ። ዌብ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፎቶ ላይ ከአቧራውና ከጋዙ ክሮች ሌላ ውስጡን የሞላ ጭስ መሰል ነጭ ብርሃን አለ፤ ያ በፑልሳሩ ማግኔታዊ መስክ ዙሪያ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ የሚጠማዘዙ ኤሌክትሮኖች የሚረጩት ነው። እናንተ የምታዩት ግን ግራጫ ሞላላ ነገር ነው፤ በብርድ ማለዳ መስታወት ላይ የቀረ ትንፋሽ ያህል። ያንን ካያችሁ አይታችሁታል፤ ከዚያ የበለጠ የለም።

ኔቡላው በሠውር ኮከብ (በበሬው የከዋክብት ስብስብ) ውስጥ ነው። ቀላ ያለውን አልዴባራንን ከሰባቱ ከዋክብት በስተምሥራቅ ያገኙታል፤ ከእሱ ሁለቱ የበሬው ቀንዶች ወደ ምሥራቅ ይዘረጋሉ። የሰሜኑ ቀንድ ጫፍ ኤልናት፣ ለኦሪዮን የቀረበው የደቡቡ ጫፍ ደግሞ ዜታ ነው። በባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ዜታን መሃል ያድርጉና ቱቦውን ወደ ኤልናት አቅጣጫ፣ ጥቂት ወደ ሰባቱ ከዋክብት አዘንብለው 1 ዲግሪ ያህል ይግፉት፤ ዜታ ከእይታው ሲወጣ ኔቡላው ይገባል። ቀጥታ አያፍጥጡበት። ከጎኑ ወዳለ ኮከብ እያዩ በዓይንዎ ጥግ ይያዙት፤ የዓይን ጥግ ከመሃሉ ይልቅ ለደብዛዛ ብርሃን ይነቃል። ቱቦውን በጣት መታ ማድረግም ይረዳል፤ የሚንቀጠቀጥ ጉም ከቆመው ይልቅ ይታያል። ከዚያ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቆዩ፤ አንድ ተማሪ ስልኩን ከከፈተ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ባትሪ ካስፈለገ በቀይ ፌስታል ደርበው ይሸፍኑት። ጨረቃ ሰማይ ላይ ካለች አይልፉ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ኔቡላው በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በየካቲት አጋማሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከአናታችሁ በላይ ይደርሳል፤ ከፍታው 78 ዲግሪ ነው። ከክረምቱ ደመና ውጭ ጎጃም ለዚህ የታደለ ነው፤ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የታችኛውን አቧራማ አየር ያስቀራል። የመንደር የእራት ጭስ ግን ዝቅ ብሎ ስለሚተኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አድማስ አካባቢ ያለውን አይመኑ። በጥር፣ ኔቡላው ከአናታችሁ በላይ በሚደርስበት ሰዓት ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በኩል ዞራችሁ አድማሱ ከተገለጠ እጃችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጭብጥ ከፍ በሉ፤ አየሩ ጥርት ካለ ስስ ደመና የመሰለው ትልቁ የማጂላን ደመና የተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ነው። በየካቲት 1987 እ.ኤ.አ. የታየው ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) የደረሰው እዚያ ውስጥ ነው፤ ዌብም ከቅሪቱ መሃል የኒውትሮን ኮከብ እንዳለ የሚያመላክት ምልክት ማግኘቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አውሮፓ ውስጥ ያለ አስተማሪ ይህን ደመና ለተማሪዎቹ ማሳየት አይችልም፤ ከአድማሱ በታች ነው።

መቆሚያው ላይ አንድ ችግር መጠበቅ አለበት። የእንዲህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ መቆሚያ ብዙ ጊዜ ዋናው ዘንጉ የሰሜን ኮከብን እንዲያመለክት የተሠራ ነው፤ መመሪያዎቹ የሚጻፉት ግን ኮከቡ 40 እና 50 ዲግሪ ከፍ ለሚልባቸው አገሮች ነው። እናንተ ጋ ከአድማስ 10 ዲግሪ፣ አንድ ጭብጥ ብቻ ነው ከፍታው። ዘንጉን እስከዚያ ሲያወርዱት ሚዛን መጠበቂያው ብረት ከእግሩ ይጋጫል፤ አንዳንዱ መቆሚያም እስከ 10 አይወርድም። ስለዚህ አንዱን እግር ወደ ሰሜን አያድርጉ፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ክፍተት ወደ ሰሜን ይዙር። አሁንም ከነካ አስገድደው አያጥብቁ፤ ብሎኑ ይታጠፋል። ያልወረደውን ትተው በሁለቱም እጀታ እየተከተሉ ይመልከቱ፤ ለዓይን ይበቃል።

ተማሪዎቹ ራሳቸው «አንድ ነገር በኮከብ ፊት ሲያልፍ» እንዲለኩ ከፈለጉ ከፕላኔት አይጀምሩ። በፊቱ ፕላኔት ሲያልፍ ከታዩት የመጀመሪያው የሆነው ኤችዲ 209458 የሚደበዝዘው 1.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ያንን ለመያዝ ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር ሞተርና ካሜራ ያስፈልጋል። አልጎል ግን በዓይን ይለካል። ሁለት ከዋክብት እየተጋረዱ በ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አንዴ ብርሃኑ ወደ ሲሶው ይወርዳል፤ ለመውረድ 5 ሰዓት፣ ለመመለስ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በደህናው ጊዜ ከአልማክ ጋር እኩል ይደምቃል፤ ሲወርድ በፐርሲየስ ካሉት ዴልታና ኤፕሲሎን ከተባሉት ከዋክብት በታች ይሆናል። በአጠገቡ ካለው ሮ ከተባለው ኮከብ ጋር አታወዳድሩት፤ እሱም ራሱ ይለዋወጣል። በየግማሽ ሰዓቱ «ከየትኛው ይበልጣል፣ ከየትኛው ያንሳል» ብለው ይጻፉ፤ ከሦስት ተማሪ በላይ ለየብቻ ቢጽፍና ሳይነጋገሩ ቢሰበሰብ የሚወጣው ኩርባ የዌብ ባለሙያዎች ከሚያወጡት ጋር በቅርጽ ይቀራረባል። ከእኩለ ሌሊት ላይ ዝቅተኛውን ካገኛችሁ ቀጣዩ ከሦስት ሌሊት በኋላ 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ቀድሞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን 11 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ምክሬ ይህ ነው፦ ዘንድሮ ምንም አይግዙ፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን ብቻ እየተጠቀሙ ከኅዳር እስከ መጋቢት አልጎልን፣ ቡናንና ሸርጣኑን ይጨርሱ። ገንዘብ ከተገኘ አንድ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስል የዓይን ሌንስ ይበቃል፤ 28 ጊዜ ያጎላል፣ እይታው ግን ወደ 1.8 ዲግሪ ይሰፋል። ኔቡላው ከነዜታ አብሮ ይገባል። ማጣሪያ፣ ሌላ ባርሎ፣ «ባለ 1,000 ማጉያ» የሚባል ነገር አይግዙ።

ሁለት ነገር አጥብቀው ይያዙ። ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ ማዞር በፍጹም አይፈቀድ፤ በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠለቅ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ከሳጥኑ ጋር ከመጣ ሰብረው ይጣሉት፤ በሙቀት ሲሰነጠቅ ዓይን ያጠፋል። በመፈለጊያው ቱቦም ቢሆን ያው ነው። ሁለተኛው ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በክዳን ታፍኖ እርጥብ መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ መስታወቱ ላይ ሻጋታ ይይዛል፤ የመስታወቱን ሽፋን ከበላው አይነሳም። ከጫማ ሳጥን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ቱቦው ውስጥና ሌንሶቹ መካከል ያስቀምጡ፤ በየወሩ ፀሐያማ ቀን ሲገኝ ክዳኑን ከፍተው ጥላ ቦታ ያናፍሱት። መስታወቱ ላይ አቧራ ቢያዩ በጨርቅ አይጥረጉ፤ ሲጠረግ የሚተወው ጭረት ከአቧራው ይልቅ ብዙ ያበላሻል።